ለእንግዳ ያረፈው ጉድጓድ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ከዞን የመጣው ኃላፊ ባደረገው ንግግር የሥራ ባልደረባዬ የአልጋነሽ ስም ከእኔ ስም በላይ ተጠራ። ጋቢው የተደረበው ለእኔ ነው፤ ዳቦው የተቆረሰው ለእኔ ነው፤ ጭብጨባው ግን ለእሷ ሆነ። «እነ አልጋነሽ፣ ከእነ ወይዘሮ ጽጌ ጋር ሆነው» አለ ሰውየው። ጽጌ እኔ ነኝ፤ ከእነ ወይዘሮ ጽጌ ጋር! አልጋነሽ ከኋላ ተቀምጣ በሙሉ አፏ ሳቀች፤ ቤቱም አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከከተትሁ በኋላ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

አንባቢ ከመነሻው ይወቀው። የምጽፈው ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ገበሬው ከማሳው ሥር ምን ያህል እንዲስብ እንደሚፈቀድለት፣ የተፈቀደለትም ልኩን እንዳያልፍ እንዴት እንደምንጠብቅ። ስለ ቅናትም ነው። የሥራ ዘመኔን ያለ ቅናቴ ብጽፈው ግማሹ ይጎድላል፤ እኔ ደግሞ የጎደለ ነገር አልወድም።

ቅናት የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። አባቴ ሰቆጣ ውስጥ የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድሞቼ ከፊታቸው ተቀምጠው ሲማሩ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ዜማውን ከእነሱ ቀድሜ ያዝሁት፤ ፊደሉን ግን ማንም አላሳየኝም። ተዳርሁ፤ ወለድሁ። የማታ ትምህርት የተመዘገብሁት ልጄ የቀን ትምህርት በገባችበት ዓመት ነው። አንዱን መጽሐፍ ለሁለት እየተሻማን ፊደል ቆጠርን። እሷ ቀድማኝ ማንበብ ስትጀምር እልል አልሁ፤ ማታ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በገዛ ልጄ ቀናሁ።

ውሃ ጽሕፈት ቤት የገባሁት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ነው። በርቀት ተምሬ ዲፕሎማ ሳገኝ ወደ መስክ አዛወሩኝ። ስለ ደመወዙ ዝም ማለት ይሻላል። የውሎ አበሉም ቢሆን የሄድንበት ጫማ ካለቀ በኋላ ነበር የሚደርሰው። እኔን ያስደሰተኝ የተመደብሁበት ሰው ነው፤ አያ ግደይ።

አያ ግደይ ሰቆጣ ዙሪያን በእግሩ የጨረሰ የመስክ ቴክኒሻን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ። የመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ አፍ ላይ እንደ ደረስን ሜትሩን ለመዘርጋት ስጣደፍ እጄን ያዘኝ።

«ተቀመጭ መጀመሪያ» አለኝ። «ጉድጓድ እንደ ታማሚ ነው። በር ላይ ቆመሽ አይጠየቅም።»

ተቀመጥን። መንደርተኛውን ስለ ከብት ጠየቀ፤ ስለ ሰርግ ጠየቀ፤ የሞተ እንዳለ ጠየቀ። ስለ ውሃ አንድም ቃል አላነሣም። ከዚያ ከኪሱ በጨርቅ የጠቀለለውን ጠመኔ አወጣ። እርጥበት የነካው ጠመኔ ይዋሻል ይል ስለ ነበር ከጨርቁ አይለየውም። የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀባው፤ ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ሰደደው። «የጉድጓድ ግድግዳ ያልበዋል» አለኝ፤ «ላቡ ጠመኔውን ከነካው ውሃ መስሎ ያታልልሻል።» ሜትሩ ውሃው ውስጥ ትንሽ ሲገባ በጉድጓዱ አፍ ልክ ያለውን ቁጥር ያዘ። ሲያወጣው ነጩ ጠመኔ ውሃ በነካው ልክ ጠቁሯል። የጠቆረውን ከያዘው ቁጥር ሲቀንሱ ውሃው ከአፉ ምን ያህል እንደ ራቀ ይታወቃል። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። ሲጨርስ ሜትሩን በጋቢው ጫፍ አድርቆ፣ ዝገት እንዳይገባው በአፉ እፍ ብሎበት ይጠቀልለዋል። ሚስቱ ስለዚያ ጋቢ ጫፍ ስትነጫነጭ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ያን ሰው ለብቻዬ ፈለግሁት። አባቴ ያልሰጡኝን የሚሰጠኝ እሱ ነው ብዬ አሰብሁ። ለጥቂት ዓመታትም ለብቻዬ ነበር። ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ቆላው አበርገሌ፤ የብረቱ ሜትር በፀሐይ ግሎ መዳፍ እስኪልጥ። ወደ ጋዝጊብላ ስንዛወር አልጋነሽ መጣች።

አልጋነሽ የጋዝጊብላ ገበሬ ልጅ ናት። ኽምጣና የእናቷ ቋንቋ ነው። እኔ ከተማ የተወለድሁት አማርኛዬንና ከአባቴ የለቀምሁትን ግዕዝ ይዤ ነው የምዞረው። እሷ ብዕር አትይዝም፤ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ላብ ያጠፋዋል።

«አያ፣ ያ ቁጥር ሰባት ነበር ወይስ አንድ?»

እሱም ይስቃል! እኔ እንዲህ ብል ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻዬን ሳገኘው፣ «እኔ ላይ ለምን እንደዚህ አትስቅም?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሰዉም እንደዚያው። እኔ ስመጣ ወንበር ያወጣሉ፤ ወንበሩን በነጠላ ጫፍ ይወለውላሉ፤ አማርኛውን እየመረጡ ያናግሩኛል። እሷ ስትመጣ ሕፃን ያሳቅፏታል። በኽምጣና ሲያወጉ ከመካከል ስሜን እሰማለሁ፤ ቀጥሎ ሳቅ።

«ምን አሉ?» እላታለሁ።

«ኧረ ምንም። ጫማሽን ወደውልሽ ነው።»

ጫማዬ ሁሉም ሰው የሚያደርገው የላስቲክ ጫማ ነው።

አያ ግደይ ጡረታ ሲወጣ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ለእሷ የእጅ ፓምፕ ጥገና፤ ለእኔ ልኬትና የፈቃድ ክትትል። ደስ አለኝ። ቁጥር የእኔ ሆነ።

አሁን ወደ ወይራ አፋፍ ልምጣ። ወይራ አፋፍ የጋዝጊብላ መንደር ናት። ከመንደሩ ግርጌ በድንጋይ የተገነባ የእጅ ጉድጓድ አለ፤ ሴቶቹ በገመድ ይቀዱበታል። ከጉድጓዱ በላይ ብርሃኔ የሚባል ብርቱ ገበሬ በማሳው ላይ ከዚያ የጠለቀ አስቆፍሮ ሞተር ተከለ፤ ሽንኩርትና የፍራፍሬ ችግኝ ጀመረ። በእጅ ለሚቀዳ ውሃ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በሞተር ለሚስብ ግን ያስፈልጋል። ሰጠነው። ውሉ ግልጽ ነበር፤ የመንደሩ ጉድጓድ ከተወሰነለት ምልክት በታች ከወረደ ብርሃኔ ሞተሩን ይቀንሳል። መውረድ አለመውረዱን የምለካው እኔ ነኝ።

የቢሯችን ደንብ ኅብረተሰቡ ሳያውቅ መስክ አይኬድም የሚል ነው። ስለዚህ በየጊዜው ለቀበሌው ደብዳቤ አስቀድሜ እልካለሁ፤ በቀጠሮው ቀን እደርሳለሁ፤ ጠመኔዬን ከጨርቁ ፈትቼ እለካለሁ። የወይራ አፋፍ ልኬት ያምር ነበር። ክረምት ከፍ፣ በጋ ትንሽ ዝቅ፤ ምልክቱን አልነካም። አለቃችን ቀለም ያለበት ሠንጠረዥ የሚወድ ሰው ነውና ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ እሱ ይወስዳል። በአልጋነሽ ወንበር በኩል ባለው ግድግዳ እንዲሰቀል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ብርሃኔ ሁለተኛ ሞተር ጠየቀ። ልኬቱን ሁሉ አገላብጬ አየሁ፤ የሚከለክል አላገኘሁም፤ ይፈቀድለት ብዬ አቀረብሁ። ተፈቀደለት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አልጋነሽ ከጥገና ተመልሳ አቧራዋን ሳታራግፍ ቢሮ ገባች።

«ጽጌ፣ የወይራ አፋፍ ጉድጓድ ነጥፏል።»

«አልነጠፈም» አልኋት። «ለክቼዋለሁ።»

«ሴቶቹ ከወንዝ ውሃ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አብሬያቸው ሽቅብ ወጣሁ። የአንዲቱን ጀሪካን አዝዬላት፤ ጀርባዬን እይው እስቲ።»

«ጀርባሽ ልኬት አይደለም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብላ ተቀመጠች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ስሚኝ። አንች ትመጫለሽ ሲባል ከዋዜማው ጀምረው አይቀዱም። ጉድጓዱን ያሳርፉታል። የዚያን ቀን ሁሉም ወንዝ ይወርዳሉ። ለእንግዳ የጎደለ አይቀርብም ብለው ነው። ገመዱን እንኳ ይለውጡታል። ውሃው በራቀ ቁጥር እየቀጠሉ ያስረዘሙትን፣ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነውን፣ ይደብቁና ደህናውን ይዋሳሉ።»

«ብርሃኔስ?»

«እሱም ሞተሩን ያጠፋል። የመንግሥት ሰው መጥቶ ሞተር ማስጮኽ ነውር ነዋ!»

ሠንጠረዤን ቀና ብዬ አየሁት። እነዚያ ሁሉ ዓመታት የለካሁት የወይራ አፋፍን ውሃ አይደለም፤ የወይራ አፋፍን ጨዋነት ነው። በዚያ ላይ ቆሜ ሁለተኛ ሞተር አስፈቅጃለሁ፤ ሴቶች ገደል ወርደው ገደል ይወጣሉ። ይህን ሁሉ አወቅሁት። ነገር ግን እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ በመጀመሪያ ልቤን የወጋው ይህ አልነበረም። ለምን ለእሷ ነገሯት?

በማግሥቱ ወደ አያ ግደይ ቤት ሄድሁ። ጆሮው ደክሟል፤ ጮኼ ነገርሁት። ሰምቶ ሲያበቃ፣

«ገመዱስ?» አለኝ። «ገመዱን አላየሽውም?»

«ስለ ገመድ መቼ አስተማርኸኝ?»

«ለአልጋነሽ ነግሬያት ነበር።»

«ለእኔስ?»

ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤ በመጨረሻ እኔም ላይ ሳቀ። «አንችማ ገመዱን ካሳየሁሽ ገመዱን ትለኪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ከቤቱ ስወጣ ዕንባዬ መጣ። ምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም አልልም፤ አውቃለሁ። ለእኔ ሜትሩን ሰጠኝ፤ ለእሷ ሰውን። ሁለቱንም ለእኔ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት?

ከአልጋነሽ ጋር ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ቀጠሮ ወይራ አፋፍ ወረድን። የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ እማ ትርንጎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ያን የቋጠሮ ገመድ ከኋላቸው ሸሸጉት።

«እመይቴ፣ ምነው ሳትነግሩን?» አሉኝ።

«ስንነግራችሁ ጉድጓዱን ታሳርፉታላችሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁን? እርስዎን የሚያህል የተማረ ሰው በጭቃ ልንቀበል ነው? ከብርሃኔም ጋር አበልጅ ነን። እኔ ባፌ ከስሼው በፋሲካ በምን ዓይኔ ቤቱ እገባለሁ? ሜትሩ ይናገር ብለን ነው።»

«ሜትሩ እኮ ያሳያችሁትን ነው የሚናገር፣ እማ።»

አልጋነሽን አዩዋት። አልጋነሽ በኽምጣና አንድ ነገር አለቻቸው፤ እማ ትርንጎ ገመዱን ከኋላቸው አውጥተው ሰጧት። ለእሷ። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር።

ለካሁ፤ ውሃው ከምልክቱ በታች ወርዷል፤ ወደ ብርሃኔ ወጣን። ፈቃዱን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁንም አላነሣም።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ የለኩት እርስዎ፣ ያስፈቀዱልኝ እርስዎ። ጉድጓዱ አልወረደም ብለዋል። ዛሬ ወረደ ካሉኝ የበዛው የሴቱ ጀሪካን ነው እንጂ የእኔ ሞተር አይደለም። መንደሩ ስንት ጎጆ እንደ ጨመረ አያዩም?»

እውነት ነበረው፤ መንደሩ ሰፍቷል። ደንቡን ነገርሁት፤ ውሉን አነበብሁለት፤ አልነቃነቀውም። በመጨረሻ፣ «እንፈትነው» አልሁት። «ሴቶቹ ጠብታ ሳይቀዱ ሁለቱም ሞተሮችዎ ይሥሩ። ከዚያ ይጥፉ። ውሃው ማንን እንደሚከተል እናያለን።»

«ሞተሬ ጠፍቶ ውሃው ካልተመለሰስ?»

«ካልተመለሰ ፈቃድዎ እንዳለ ይቀጥላል።»

«እኛስ?» አሉ ከኋላችን የመጡት እማ ትርንጎ። ጉድጓዱ ካልተመለሰ ወይራ አፋፍ ወንዝ ወራጅ ሆና ትቀራለች፤ ያም እስከ መቼ?

«ችግኜ በፀሐይ ይሞትብኛል» አለ ብርሃኔ።

«አንተ ብርሃኔ!» አለች አልጋነሽ። «ለልጅህ ክርስትና ጠላ የተጠመቀው በማን ውሃ ነው? እኒህ ሴትዮ ተሸክመውልህ አይደል? ችግኝህን እኔ ቁጭ ብዬ በጭልፋ አጠጣልሃለሁ።»

«በጭልፋ?»

«በጭልፋ። እንደ አራስ።»

ሳቀ። «እንግዲያው ነገ ይሁን» አለ። እኔ አንቀጽ ጠቅሼ ያላገኘሁትን እሷ በጭልፋ አገኘችው። ተናደድሁ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ በአንድ ሆድ ሲቀመጡ ምን እንደሚመስሉ የቀና ሰው ያውቃል።

በማግሥቱ ማለዳ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ጉድጓዱ ዙሪያ ተቀመጡ። እንዳይቀዱ ተከልክለዋል። ከላይ ሁለቱ ሞተሮች ይጮኻሉ። እኔ ድንጋዩ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጠመኔ እየቀባሁ፣ እየሰደድሁ፣ እያወጣሁ፣ እየጠረግሁ ዋልሁ። ማንም ሳይቀዳ ውሃው ወረደ። ደግሜ ለካሁ፤ ደግሞ ወረደ። ብርሃኔን ጠርቼ ጠመኔውን አሳየሁት።

«ጉድጓዱ ያፈስ ይሆናል» አለ። ድምፁ ግን የትናንቱ አልነበረም። ሄዶ ሞተሮቹን አጠፋ።

ለካሁ፤ ውሃው አሁንም እየወረደ ነው። ጥቂት ቆይቼ ለካሁ፤ ያው ወረደ። አንዲት ሴት፣ «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ምን ላጠጣው ነው?» አለች፤ ሌላይቱም ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ወንዝ ልትሄድ ተነሣች። አልጋነሽ ነጠላዋን ይዛ አስቀመጠቻት፤ ወዲያው የአለቆቻችንን አነጋገር እያስመሰለች ታወራቸው ጀመር። ከአለቆቹ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሰብስባ፣ «ጀርባሽ ልኬት አይደለም» ስትል ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። እማ ትርንጎ ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔ ፊቴን ወደ ጉድጓዱ እንደ ደፋሁ ነኝ። ውሃው ቆመ። አልወረደም፤ አልወጣምም።

ከዚያ የሆነውን ወይራ አፋፍ ሁሉ ያውቀዋል። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ውሃው ተመለሰ፤ ብርሃኔ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን አይቶ፣ «ይብቃኝ» አለ። ሁለተኛው ሞተር ተነሣ፤ የመጀመሪያውም ሴቶቹ ቀድተው ከጨረሱ በኋላ ብቻ እንዲሠራ ፈቃዱ ተስተካከለ። ብርሃኔ ከሽንኩርቱ ግማሹን ተወው፤ ችግኙ ተረፈ። ሰቆጣ ገበያ ሲያገኘኝ ዛሬም ሰላም ይለኛል። ጉድጓዱ እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽም፤ በበጋ ጭቃ የሚቀላቅልበት ሰሞን አለ። ግን ወንዝ የሚወርድ የለም። እልልታ የቀለጠ ጊዜ ሴቶቹ የከበቡት አልጋነሽን ነው፤ የመጀመሪያው ቅል ውሃ የተሰጠው ለእሷ ነው፤ በመንደሩም ያ ቀን የአልጋነሽ ቀን ተብሎ ይጠራል። ይጠራ።

ሰው የማያውቀውን ግን ልጻፍ። ውሃው ከቆመ በኋላ፣ እልልታው ሳይመጣ፣ እንደ ገና ጠመኔ ቀብቼ ሜትሩን ሰደድሁት። ሳወጣው እርጥቡ ከቀደመው በጥፍር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ጥፍር የምታህል ነገር የእጅ መንቀጥቀጥ ልትሆን ትችላለች፤ የግድግዳ ላብ ልትሆን ትችላለች። ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሜትሩን አደረቅሁት፤ ቀባሁት፤ ቀስ ብዬ ሰደድሁት፤ አወጣሁት። አሁን የጣት ውፍረት ሆኗል። ላብ አይደለም። እጄም አልተንቀጠቀጠም። ውሃው እየተመለሰ ነው።

ከኋላዬ ሴቶቹ በአልጋነሽ ጨዋታ ይስቃሉ። ብርሃኔ ከማሳው ጥግ ቆሞ ጥፍሩን ይነክሳል። በዚያች ሰዓት ያ ጉድጓድ እንደሚተርፍ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። እርጥቡን ብረት ጉንጬ ላይ አደረግሁት፤ ቀዘቀዘኝ።

«ጽጌ፣ ምን አለ?» አለች አልጋነሽ።

«ገና ነው» አልኋት።